ትርንጎን ያሳመሯት ሰዎች

ትርንጎ ከሞተች አርባ አንድ ቀኗ ነው።

አርባዋ ትናንት ነበር። ድንኳን ተተከለ፣ ጸበል ጸዲቅ ቀረበ፣ እድሩ ትልቁን ቴሌቪዥን አምጥቶ ከምሰሶው ጋር አሰረው። የትርንጎ ቪዲዮ ተከፈተ። ሰው አለቀሰ። ሦስት ዓመቷን የያዘችው ልጇ ሶስና ግን ከአባቷ ጉልበት ላይ ሆና አየች፣ አየችና፣ "ይቺ እማዬ አይደለችም" አለች።

ሳምንቱን ሙሉ አባቷ አንሙት ልጁን ያበላት በአንዲት ቃል ነበር። "ብዪ፤ እሑድ እማዬን በትልቁ ቴሌቪዥን ታያታለሽ" እያለ። ሶስና አምናው በላች። እሑድ መጣ፣ እማዬ አልመጣችም። ሰኞ ጠዋት ቤት ባለችው ትንሽ ቴሌቪዥን ፊት ተቀመጠችና አፏን ገጠመች።

"እማዬን ሳላይ አልበላም። ከዚህም አልነሳም።"

አንሙት መናኸሪያው አጠገብ ጎሚስታ ነው። ጎማ ይለጥፋል፣ ነፋስ ይሞላል፣ ብዙ አይናገርም። ገንፎውን አስቀመጠና ቪዲዮውን ራሱ ከፍቶ አየው። በግራ ሻማ። በቀኝ አበባ። ከታች የባለ ስቱዲዮው ስልክ ቁጥር። ከላይ በወርቅ ቀለም "ፎር ኬ" የሚል የጥራት ጽሑፍ። መሐል ላይ የተላጠ ድንች የመሰለ ነጭ ነገር ይወዛወዛል። በገና ይደረደራል።

ይህን ቪዲዮ የቀረጸው እሱ ነው፣ አምና በጥር፣ በትርንጎ ስልክ። ትርንጎ ሶስናን ገንፎ ታበላለች። ጥቁር ናት፣ ፍንጭት ናት፣ አፍንጫዋ ላይ ዱቄት አለ፣ ትስቃለች። ሁለት ደቂቃ ያህል ነበር። ይህኛው ግማሽ ደቂቃ አይሞላም።

ልጅቱ ልክ ናት። ይቺ ትርንጎ አይደለችም።

ሶስና አልበላ አለች። ቴሌቪዥኑ አላሳይ አለ። አንሙት ልጁን ለጎረቤቱ ለአስካል አደራ ሰጠና ወደ ባለ ስቱዲዮው ወደ ጋሻው ሄደ።

ጋሻው ሠርግ፣ ምርቃትና ሐዘን ይቀርጻል። ሦስቱንም በአንድ ዓይነት አበባ ነው የሚያስጌጥ።

"ጋሻው፣ ሻማዎቹን አንሳልኝ።"

"የቱን ሻማ?"

"አራቱንም።"

"ስድስት ናቸው" አለ ጋሻው ቅር ብሎት። "ሁለቱ ከአበባው ጀርባ ናቸው።"

"ስድስቱንም አንሳልኝ። ፊቷ አይታይም።"

"እኔ ዘንድ ሲመጣም አይታይም ነበር። ሻማ ያበዛሁት ለዚያ ነው።"

"ታዲያ ፎር ኬ ብለህ የጻፍከው?"

"ጽሑፉ ጥርት ብሎ ይነበባል፤ አይነበብም?"

"ይነበባል።"

"በል።"

አንሙት አልሄደም። ጋሻው ደግ ልብ አለው፤ ወንበር ሰጠው።

"ስማኝ፣ ሻማው ተሰክቶ አይደለም ያለው፤ አብሮ ተቀቅሏል። ከወጥ ውስጥ ጨው ልቀም ትለኛለህ? ደግሞ ቪዲዮ ማለት እንደ ጎመን ነው። የላከው ይጨምቀዋል፣ የቆረጠው ይጨምቀዋል፣ ያሳመረው ይጨምቀዋል። እኔ አራተኛ ጨማቂ ነኝ። አህያውን ፈርተህ ዳውላውን አትምታ። ያቀላቻት ጸጉር ሠሪዋ ዘነቡ ናት። ያልቀላውን ከሷ አምጣና ሻማ የሌለበት እሰጥሃለሁ።"

ነገሩ ለአንሙት ገባው። ጎማም እንዲሁ ነው። በልጥፍ ላይ ልጥፍ ሲደረብ፣ በልጥፍ ላይ ልጥፍ ሲደረብ፣ በመጨረሻ የሚሽከረከረው ልጥፉ ነው፤ ጎማው የለም።

ሶስና አልበላ አለች፣ ቴሌቪዥኑ አላሳይ አለ፣ ጋሻው ሻማውን አላነሳ አለ። አንሙት ወደ ዘነቡ ሄደ።

ዘነቡ አንዲት ደንበኛዋን ጸጉር ማድረቂያው ካስክ ውስጥ አስገብታ ሌላዋን ትሠራለች። አንሙትን ስታይ ማበጠሪያዋን ጥላ አቀፈችው።

"አየሃት አይደል ትናንት? ሙሽራ አስመስዬ ነው የሸኘኋት!"

"ዘነቡ፣ ጥቁረቷን መልሽልኝ። ጋሻው ሻማውን እንዲያነሳ፣ ቴሌቪዥኑ እንዲያሳይ፣ ሶስና እንድትበላ።"

"ጥቁረቷን?"

"ትርንጎ ጥቁር ናት።"

"ነበረች" አለች ዘነቡ። "አሁን ገነት ናት። እዚያ ሁሉም ብሩህ ነው።"

ካስክ ውስጥ ያለችው ሴትዮ፣ "እኔ በሕይወት እያለሁ አድርጊልኝ" አለች።

"ልጇ አላወቀቻትም" አለ አንሙት።

ዘነቡ እጇን አፏ ላይ አደረገች። ከዚያ ግን ተቆጣች፤ በራሷ መቆጣት ሲገባት በሌላ ሰው።

"ታዲያ ምን ላድርግ? ጋሼ ቸኮል የላኩልኝ ሳቅ የሌለበት ነው። ሳቋ ተቆርጧል። ትርንጎ ሳትስቅ ታውቃለህ? ያለ ሳቅ ፊቷ ጨለመብኝ፣ እኔም አበራሁት። የመጀመሪያውንም ስልኬ ሲሞላ አጠፋሁት። ሳቋን ከጋሼ ቸኮል አምጣ፤ ያን ጊዜ በጥቁረቷ እሰጥሃለሁ።"

ሶስና አልበላ አለች፣ ቴሌቪዥኑ አላሳይ አለ፣ ጋሻው ሻማውን አላነሳ አለ፣ ዘነቡ ጥቁረቷን አልመልስ አለች። አንሙት ወደ እድሩ ቤት ሄደ።

የእድሩ ጸሐፊ ጋሼ ቸኮል ጡረተኛ ናቸው። ከፊታቸው መዝገብ አለ፣ በመዝገቡ ላይ ማኅተም አለ፣ በማኅተሙ ላይ እጃቸው አለ።

"ጋሼ ቸኮል፣ ሳቋን ይልቀቁልኝ። ዘነቡ ጥቁረቷን እንድትመልስ፣ ጋሻው ሻማውን እንዲያነሳ፣ ቴሌቪዥኑ እንዲያሳይ፣ ሶስና እንድትበላ።"

"ሳቁ የተቆረጠው በቃለ ጉባኤ ነው" አሉ። "ለሟች ሳቅ አይገባም። በሰባት ድምፅ ለሁለት አልፏል።"

"ሁለቱ ምን አሉ?"

"አንደኛው አልሰማም። ሁለተኛው የተቃወመው ጫት ቤት ስለሚከፈትበት ነገር መስሎት ነው።"

"ጋሼ፣ ሳቁ እኮ የሷ ነው።"

"አንሙት፣ ልጄ፣ የሳቅ ጠላት አይደለሁም። ነገር ግን ቪዲዮው የደረሰን በገና ገብቶበት ነው። በበገና የሚስቅ ሰው የት አየህ? ሽማግሌ ተቀምጦ፣ ካህን ተቀምጦ፣ ሟች በበገና እየሳቀች! አስነዋሪ ነው። ስለዚህ ከበገናውና ከሳቁ አንዱ መቆረጥ ነበረበት። በገናውን ያስገባችው ስመኝ ናት። በገናውን አውጥታ የትርንጎን ድምፅ ትመልስ፣ ሳቁ ይፈቀዳል። ማመልከቻ ታስገባለህ።"

"የተቆረጠው የት ነው ያለው?"

"የት ይኖራል? ቦታ እንዳይባክን በላዩ ላይ ነው የቆረጥኩት። በገናውም ሳቁም ያለበት ከስመኝ በቀር የለም።"

ሶስና አልበላ አለች፣ ቴሌቪዥኑ አላሳይ አለ፣ ጋሻው ሻማውን አላነሳ አለ፣ ዘነቡ ጥቁረቷን አልመልስ አለች፣ ጋሼ ቸኮል ሳቋን አልለቅ አሉ። አንሙት ወደ አማቱ ግቢ ሄደ። ከበሩ ደረሰ። ከቀብሩ ወዲህ ይህን በር አልረገጠም።

የትርንጎ ታናሽ ስመኝ ልብስ እያሰጣች ነበር። አንሙት ከገመዱ ወዲህ ቆመ፣ እሷ ከገመዱ ወዲያ።

"ስመኝ፣ ድምጿን ስጪኝ። ጋሼ ቸኮል ሳቋን እንዲለቁ፣ ዘነቡ ጥቁረቷን እንድትመልስ፣ ጋሻው ሻማውን እንዲያነሳ፣ ቴሌቪዥኑ እንዲያሳይ፣ ሶስና እንድትበላ።"

ስመኝ የታጠበ አንሶላ እንደያዘች ቆማ ቀረች።

"ድምጿን መስማት አልቻልኩም" አለች። "ከስልኳ ወደ ስልኬ የላክሁት ቀን ድምፁን ዘግቼ ነው ያየሁት፤ እሱንም እስከ መጨረሻው አላየሁትም። ሰው ላኪልን፣ ላኪልን ሲለኝ ድምጿን አጥፍቼ በገና አስገባሁበት። በገና ደግ ነው፤ ማንንም አይጠራም።"

አንሙት ገመዱን በእጁ ያዘ።

"እኔ ዘንድ ያለው ያ ብቻ ነው" አለች። "ዋናው ትርንጎ ስልክ ላይ ነው። ስልኳ ሳጥን ውስጥ ነው። የሳጥኑ ቁልፍ እማዬ አንገት ላይ ነው። እማዬ ደግሞ ለእኔም አትከፍት።"

ሶስና አልበላ አለች፣ ቴሌቪዥኑ አላሳይ አለ፣ ጋሻው ሻማውን አላነሳ አለ፣ ዘነቡ ጥቁረቷን አልመልስ አለች፣ ጋሼ ቸኮል ሳቋን አልለቅ አሉ፣ ስመኝ ድምጿን አልሰጥ አለች፣ ሳጥኑም አልከፈት አለ። አንሙት ጎንበስ ብሎ ወደ ውስጥ ገባ።

አማቱ ወይዘሮ የሺወርቅ ጥቁር ለብሰው ሳጥኑ ላይ ተቀምጠዋል። አጠገባቸው ሳይሆን ላዩ ላይ።

"እንደምን ዋሉ እማማ።"

"ዛሬ መንገዱ ተገኘ?"

"ሳጥኑን ይክፈቱልኝ።"

"ሶስናን አምጣልኝ" አሉ። "ትናንት ድንኳን ውስጥ በሰው ትከሻ መሐል አየኋት። እንደ እንግዳ አየችኝ። አርባ አንድ ቀን! ልጄን አፈር ወሰደብኝ፤ የልጅ ልጄን ደግሞ አንተ ወሰድክብኝ። ሶስና እዚህ ጉልበቴ ላይ ሳትቀመጥ ይህ ሳጥን አይከፈትም።"

"ሶስና አትመጣም፣ እማማ።"

"ለምን?"

"እናቴን ሳላይ አልነሳም ብላለች።"

"እናቷ እዚህ ሳጥን ውስጥ ናት።"

"አውቃለሁ።"

አንሙት ደከመው። ከጠዋት ጀምሮ የዞረው መንገድ ተመልሶ ቤቱ በር ላይ አደረሰው። መሬት ላይ ተቀመጠ። በሕይወቱ ብዙ ተናግሮ የማያውቅ ሰው ሁሉንም ተናገረ። ሶስና አልበላ ማለቷን። ቴሌቪዥኑ አላሳይ ማለቱን። ጋሻው ስድስት ሻማ ቀቅሎ አላነሳ ማለቱን። ዘነቡ ትርንጎን አቅልታ...

ወይዘሮ የሺወርቅ ቀና አሉ።

"ማንን አቅልታ?"

"ትርንጎን።"

"ትርንጎን? ልጄን? ተወልዳ አዋላጂቱ መብራት አቅርቡልኝ ያለችላትን?"

"እንደ ተላጠ ድንች አድርጋታለች።"

የሴትዮዋ ትከሻ ተንቀጠቀጠ። አንሙት አስለቀስኳቸው ብሎ ደነገጠ፤ ግን የጀመረውን ለመጨረስ ያህል ቀጠለ። ዘነቡ ጥቁረቷን አልመልስ ማለቷን፣ ጋሼ ቸኮልም ሳቋን በሰባት ድምፅ ለሁለት...

"ድምፅ ሰጡ?"

"ሰጡ። አንዱ ግን አልሰማም።"

እንግዲህ አልቻሉም። ሳቁ። ጥቁር ልብሳቸውን አፋቸው ውስጥ ጎስጉሰው ሳቁ፤ ከልብሱም አልፎ ወጣ። ስመኝ አንሶላዋን ይዛ እየሮጠች ገባች።

"እማዬ! ኧረ ሰው ይሰማል!"

"ይስማ! ቸኮል ቃለ ጉባኤ ይያዝብኝ!"

አንሙትም ሳቀ። ከዚያ ሳቁ እንደ አሮጌ የጎማ ካላማዳሪ ከየት እንደሆነ ሳይታወቅ ተነፈሰና ሁለቱም አለቀሱ። ስመኝ መሐላቸው ቁጢጥ አለች።

"ለምንድን ነው ልጅቱን ያላመጣህልኝ?" አሉ አማቱ አፍንጫቸውን እየጠረጉ።

"እርስዎ ካለቀሱ እኔም አለቅሳለሁ ብዬ።"

"ብታለቅስስ?"

"ጎማውን ማን ይለጥፋል?"

"ይኸው አለቀስክ። ጎማ ፈረሰ?" አሉና ከሳጥኑ ላይ ተነሡ። "ሶስና ካልመጣች የሺወርቅ ትሄዳለች። ስመኝ፣ ነጠላዬን።"

ቁልፉ ከአንገት ወረደ፣ ሳጥኑ ተከፈተ፣ ስልኩ ከትርንጎ ሻሽ ውስጥ ተፈታ። ባትሪው ሞቷል። ስመኝ ቻርጅ ላይ ሰካችው፣ ሦስቱም እንደ ታማሚ ዙሪያውን ተቀምጠው ጠበቁት። ሲነሣ ቪዲዮው አለ፤ አንድ ደቂቃ ከሃምሳ ሰከንድ።

"አሁኑኑ ልላክልህ" አለች ስመኝ።

"አትላኪው!" አለ አንሙት። "ሲላክ ይከሳል። ስልኩ ራሱ ይሂድ። በእጃችን።"

ስልኩ በወይዘሮ የሺወርቅ ብብት ገብቶ ወጣ። በእድሩ ቤት ሲያልፉ ጋሼ ቸኮል ከበረንዳው ተነሡ።

"እመቤት የሺወርቅ፣ ሳቁን በሚመለከት፣ ቢያንስ ግማሹን እንኳ..."

"ቸኮል፣ እኔ ወልጃታለሁ። ሳቋን ያወጣሁት አምጬ ነው። አንተ በስንት ድምፅ አማጥክ?"

ጋሼ ቸኮል ተቀመጡ። ሳቁ አለፈ። ማመልከቻም አልገባበትም።

በጸጉር ቤቱ ሲያልፉ ዘነቡ ማበጠሪያዋን እንደያዘች ብቅ አለች። "ግንባሯን ብቻ፣ እማማ! ትንሽ ግንባሯን ብቻ!"

"ግንባሯ የአባቷ ነው። ከሱ ጋር ተነጋገሪ።" የትርንጎ አባት ከሞቱ ዘጠኝ ዓመታቸው ነው። ዘነቡ ማበጠሪያዋን ወደ ቦታው መለሰች።

ጋሻው ዘንድ ግን መግባት ግድ ሆነ። የአንሙት ቴሌቪዥን የሚያነበው ፍላሽ ብቻ ነው። ጋሻው ስልኩን በሽቦ ከኮምፒውተሩ ጋር አገናኘው። ወይዘሮ የሺወርቅ ከትከሻው ኋላ ቆሙ።

"እንዳለ ቅዳው" አለ አንሙት። "አትክፈተው፣ አትቁረጠው፣ አታሳምረው። ከዚያ ወደዚህ፣ እንዳለ።"

"እሱማ ቀላል ነው። እንዳለ ከተቀዳ አንዲት ቅንጣት አይጎድልበትም" አለ ጋሻው። ጣቱ ግን አላስቀመጠው አለ። "ትንሽ ብርሃን እንኳ?"

"እጅህን!"

"አንዲት ሻማ፣ እማማ? ከጥግ?"

"ልጄ ገንፎ እያበላች ነው። ሻማ ምን ያደርግላታል?"

ጋሻው ቀዳው። ፍላሹን አውጥቶ ሲሰጥ ፊቱ ተጨማደደ። "እንዲህማ ከሆነ እኔ ምን ሠራሁ?"

"ምንም" አሉት ወይዘሮ የሺወርቅ። "ተባረክ።"

ፀሐይ ሳትገባ ቤት ደረሱ። ሶስና እዚያው ቴሌቪዥኑ ፊት ናት፤ አስካል ማንኪያ ይዛ አጠገቧ ተሸንፋለች። አንሙት ገንፎውን አሙቆ አቀረበና ፍላሹን ሰካ።

ሳጥኑ ተከፍቶ፣ ስመኝ ድምጿን ሰጥታ፣ ጋሼ ቸኮል ሳቋን ለቀው፣ ዘነቡ ጥቁረቷን ትታ፣ ጋሻው ሻማውን አጥፍቶ፣ ቴሌቪዥኑ አሳየ።

ትርንጎ ጥቁር ናት። ፍንጭት ናት። አፍንጫዋ ላይ ያለው ዱቄት ሁለት ቦታ ነው፤ አንሙት አንዱን ረስቶት ነበር። "ይቺ የአባዬ" ትላለች፣ ማንኪያውን በአየር ላይ እያዞረች፣ "ይቺ የአክስቴ፣ ይቺ የእማማ የሺ፣ ይቺ ደግሞ... የማን ናት?" ትስቃለች። ስመኝ በሁለት እጇ ጆሮዋን ያዘች፤ ከዚያ ቀስ ብላ ለቀቀችው።

"እማዬ" አለች ሶስና። ለማንም አልተናገረችም፤ እንዲሁ አለች። ሳታስበው አፏን ከፈተች። አያቷ ማንኪያውን ከአስካል ተቀብለው አጎረሷት። ቴሌቪዥኑ ውስጥ ያለችው ሶስና አንድ ስትጎርስ ጉልበታቸው ላይ ያለችው ሶስናም አንድ ጎረሰች። ይቺ የአባዬ። ይቺ የአክስቴ። ይቺ የእማማ የሺ።

በገና የሸፈነው፣ ቃለ ጉባኤ የቆረጠው መጨረሻ መጣ። ትርንጎ ሳህኑን አስቀመጠች፣ እጇን በቀሚሷ ጠረገች፣ ቀና ብላ በቀጥታ ወደሚቀርጻት ወደ አንሙት ተመለከተች።

"አንሙት፣ በቃህ፤ ዝጋውና ና ብላ። ቀዘቀዘ እኮ።"

ምስሉ እዚያ ላይ ቆመ። አንሙት ከጠዋት ጀምሮ፣ ከትናንትም ጀምሮ፣ አፉ ውስጥ ምን እንደገባ አያስታውስም።

"አባዬ" አለች ሶስና አፏ ሙሉ፣ "ብላ አለችህ እኮ።"

አንሙት ቴሌቪዥኑን ዘጋ። ከሳህኑ ዳር ተቀመጠና በላ።